«ድገምልን» ላለማለት፦ ፈጣን ስፖርት ለመቅረጽ የካሜራ ሴቲንግ አመራረጥ

መግቢያ

ባለፈው ሴሚስተር ለዶክመንተሪ ኮርሳችን ሦስት ሆነን አንድ አጭር ፊልም ለመሥራት ተነሣን። ባለታሪካችን ስኬትቦርድ የሚጫወት የሰፈራችን ልጅ ነበር። ልጁ ለሳምንታት ሲለፋ የቆየው በአንድ ዝላይ ላይ ነው። ዝላዩ ኪክፍሊፕ ይባላል። ተጫዋቹ ሲዘል ቦርዱ በአየር ላይ በቁመቱ ዙሪያ አንድ ጊዜ ይገለበጥና ተመልሶ ከእግሩ ሥር ይገባል። ልጁ ይህንን ሜዳ ላይ ይችለዋል፤ የፈለገው ግን አራት ደረጃ እየወረደ እንዲሆንለት ነው።

እኛም ከዲፓርትመንቱ ካሜራ ተዋስን፣ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅም ሁሉን ነገር አውቶ ላይ ትተን ደረጃው ሥር ቆምን። የመጀመሪያው ቀን አልሆነም። በሁለተኛው ቀን ወደ 11 ሰዓት ገደማ፣ የሕንፃው ጥላ ደረጃውን ከሸፈነው በኋላ ልጁ ዘለለና አረፈ። ሁላችንም ጮኽን። እሱም እየሮጠ መጥቶ በትንሿ ስክሪን አየ። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «እግሬ የታለ?» አለን።

እግሩም ቦርዱም አልነበሩም። በቦታቸው ግራጫ ጭረት ብቻ ነበር። ይባስ ብሎ ልጁ አየር ላይ እያለ ካሜራው ፎከሱን ትቶ ከኋላ ያለውን ግድግዳ ይዟል። እኛም ማንም ተማሪ የሚለውን አልን፤ «እባክህ አንዴ ድገምልን።» ደገመ። በሦስተኛው ሙከራ በእጁ ላይ ወደቀና የእጁ አንጓ ተሰነጠቀ። ቤቱ ስናደርሰው እናቱ ጄሶውን አይተው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጆቼ፣ ይህ ሁሉ ለቪዲዮ ነው?»

ይህንን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚያ ጥያቄ መልስ ስላልነበረኝ ነው። ድራማ ስንቀርጽ ተዋናዩን «ድገም» ብንለው የሚከፍለው ጊዜውን ነው። ፈጣን ስፖርት ስንቀርጽ ግን እያንዳንዱ «ድገም» የሚከፈለው በሰው ገላ ነው። ስለዚህ ሴቲንጉ መመረጥ፣ መሞከርና መቆለፍ ያለበት ስፖርተኛው ከመነሣቱ በፊት ነው። ከዚህ በታች ምርጫው በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚካሄድ ለማሳየት እሞክራለሁ።

1. በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ምን ይሆናል?

ሴቲንግ ከመንካታችን በፊት የምንቀርጸው ነገር ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ በቁጥር ማወቅ ይጠቅማል። ሂሳቡ ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አያልፍም። ሜዳ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የሚዘል ሰው አየር ላይ የሚቆየው ለግማሽ ሰከንድ ያህል ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም የሚቀርጽ ካሜራ ከዚህ ዝላይ የሚይዘው 12 ወይም 13 ምስል ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ልጁ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር እየነዳ በፊታችን ያልፋል እንበል። ይህ በሰከንድ 5 ሜትር ማለት ነው። ሻተሩ ለ1/50 ሰከንድ ክፍት ከሆነ በዚያች ቅጽበት ልጁ 10 ሴንቲ ሜትር ተጉዟል። በ1/500 ከሆነ 1 ሴንቲ ሜትር፣ በ1/1000 ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይጓዛል። በምስሉ ስፋት ውስጥ የሚታየው ቦታ 4 ሜትር ቢሆንና ምስሉ በወርዱ 1920 ፒክስል ቢኖረው፣ 10 ሴንቲ ሜትሩ 48 ፒክስል ይሆናል። ይህ ጫማን ከቦርድ ለመለየት የማያስችል ብለር ነው። 1 ሴንቲ ሜትሩ ግን ወደ 5 ፒክስል ብቻ ስለሚሆን ዓይን ይታገሠዋል።

ልብ በሉ፤ የተገለበጠው ቦርድ ከልጁም በላይ ፈጣን ነው። ሙሉ ዙሩን በ0.3 ሰከንድ ቢጨርስ በ1/50 ሰከንድ ውስጥ 24 ዲግሪ ይዞራል፤ በ1/500 ግን 2.4 ዲግሪ ብቻ። የእኛ ካሜራ ጥላ ውስጥ በአውቶ የመረጠው ከ1/50ም የዘገየ ሻተር ነበር። እግሩ የት እንደገባ አሁን ግልጽ ነው።

2. መጀመሪያ የሚመረጠው ፍሬም ሬት ነው

ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንነካው አይ.ኤስ.ኦን ነው። እኔ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህንን ሾት ኤዲት ሳደርግ ላዘገየው ነው ወይስ በራሱ ፍጥነት ላሳየው?» የሚል መሆን አለበት እላለሁ። ሌላው ሁሉ የሚከተለው ከዚህ መልስ ነው።

በራሱ ፍጥነት የሚታይ ከሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም ይበቃል። ለምን 24 ወይም 30 አልሆነም ለሚል፣ የሀገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ኸርዝ ስለሆነ ከ25 እና ከ50 ጋር ይስማማል፤ ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ። የሚዘገይ ከሆነ ግን ፊልሙ የሚወጣው በ25 ስለሆነ፣ በ50 የተቀረጸ በግማሽ ፍጥነት፣ በ100 የተቀረጸ በሩብ ፍጥነት ይታያል። ያ የግማሽ ሰከንድ ዝላይ በ100 ፍሬም ቢቀረጽ ስክሪን ላይ 2 ሰከንድ ይሆናል። በ25 የተቀረጸን ኮምፒውተር ላይ ማዘግየት ግን የሌለን ፍሬም መፈልሰፍ ነው፤ ሶፍትዌሩ በመሃል የሚሞላው ምስል እግርና ቦርድ በሚተላለፉበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ይቀልጣል።

ይህ ውሳኔ አስቀድሞ መወሰን እንዳለበት ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን የራሳችን ሰው ያለበት ፊልም ነው። ጃፓናዊው ዳይሬክተር ኮን ኢቺካዋ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው «ቶኪዮ ኦሊምፒያድ» ውስጥ አበበ ቢቂላ በ1964ቱ ማራቶን ሲሮጥ በረጅም ሌንስ ቀርቦና ዘግይቶ ይታያል። ሌላው ሯጭ ሲደክም የአበበ ፊት ሳይለወጥ የምናየው ካሜራው ከመሮጡ በፊት ለዚያ ስለተዘጋጀ ነው። አበበን «እባክህ ያንን ኪሎ ሜትር ድገምልን» የሚል ሰው አልነበረም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ብዙ ካሜራዎችና ስልኮች ከፍ ባለ ፍሬም ሬት ሲቀርጹ የምስሉን ጥራት ይቀንሳሉ፣ አንዳንዶቹም ድምፅ አይቀዱም። ስኬትቦርድ ያለ ጎማው ድምፅ ግማሹ የለም፤ ስለዚህ ድምፁን ለብቻ መቅዳት አትርሱ።

3. ሁለተኛው ሻተር ስፒድ ነው

በክፍል የተማርነው ሕግ ሻተር የፍሬም ሬቱ እጥፍ ይሁን ይላል። በ25 ፍሬም 1/50፣ በ50 ፍሬም 1/100፣ በ100 ፍሬም 1/200 ማለት ነው። ሕጉ የመጣው ከድሮው የፊልም ካሜራ ነው፤ ሻተሩ የሚሽከረከር ክብ ዝርግ ሆኖ ግማሹ ክፍት ስለነበር 180 ዲግሪ ተባለ። በዚህ መጠን የተቀረጸ እንቅስቃሴ ለዓይን ለስላሳ ነው።

ይሁን እንጂ ሕጉ የተሠራው ሰው ለሚራመድበትና ለሚነጋገርበት ትዕይንት ነው። ከላይ እንዳሰላነው በ1/50 ቦርዱ ይጠፋል። ሕጉን እያወቁ የጣሱ ባለሙያዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የስቲቨን ስፒልበርግ «ሴቪንግ ፕራይቬት ራያን» ሲኒማቶግራፈሩ ያኑሽ ካሚንስኪ የጦርነቱን ትዕይንቶች በ90 እና በ45 ዲግሪ ሻተር ቀርጿል። 45 ዲግሪ በ25 ፍሬም ቢሰላ 1/200 ሰከንድ ይሆናል። ውጤቱ የሚቆራረጥና የሚያስደነግጥ እንቅስቃሴ ነው፤ የሚበተነው አፈር ቅንጣት በቅንጣት ይታያል።

ታዲያ የቱን እንምረጥ? እኔ የምለየው በሾቱ ዓላማ ነው።

ሀ) ተመልካቹ ዝላዩ እንዴት እንደተሠራ እንዲያይ ከተፈለገ ከ1/500 እስከ 1/1000። ይህ የኤድዋርድ ሙይብሪጅ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሜራዎችን በመስመር ደርድሮ የሚጋልብ ፈረስ አራቱም እግሮቹ በአንድ ጊዜ ከመሬት እንደሚነሡ በፎቶግራፍ ያሳየው በጣም አጭር ሻተር ተጠቅሞ ነው። ዓይን ያላየውን ሻተር አየው።

ለ) ተመልካቹ ፍጥነቱ እንዲሰማው ከተፈለገ ከ1/50 እስከ 1/100 ሆኖ ካሜራው ከስፖርተኛው ጋር እኩል ይዞራል። ይህ ፓን የምንለው ነው። ካሜራው አብሮ ስለሚሄድ ሰውየው ይጠራል፣ ከኋላ ያለው ግድግዳ ግን ይጨረጨራል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ለሚቀርጽ ሰው ይህ ጥሩ ምርጫ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ ፈረስ በ1/50 ሰከንድ ወደ 22 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። ካሜራው ከቆመ ፈረሱ ይጠፋል፣ ካሜራው አብሮ ከዞረ ግን ፈረሱ ይቀርና ሕዝቡ ይፈሳል።

ሐ) ያልወሰነ ሰው በ50 ፍሬም ሆኖ 1/250 ይያዝ። ለሁለቱም ፍጹም አይደለም፤ ግን በሁለቱም አያሳፍርም።

4. ሦስተኛው የብርሃን ሂሳብ ነው

ሻተር ስናፈጥን ብርሃን እንከፍላለን። ከ1/50 ወደ 1/500 ስንሄድ ወደ ካሜራው የሚገባው ብርሃን አንድ አሥረኛ ይሆናል። ይህንን ከሌላ ቦታ ማምጣት አለብን፤ ወይ አፐርቸሩን በመክፈት፣ ወይ አይ.ኤስ.ኦን ከፍ በማድረግ።

ለመነሻ የድሮ ፎቶግራፈሮች ሕግ ይበቃል። በጠራራ ፀሐይ አፐርቸር ኤፍ 16 ሲሆን ሻተሩ የአይ.ኤስ.ኦ ተገላቢጦሽ ይሆናል። አይ.ኤስ.ኦ 125 ከሆነ ሻተር 1/125። ከዚህ ተነሥተን ሻተሩን ወደ 1/500 ብናፈጥን ሁለት ስቶፕ አጣን፤ አፐርቸሩን ሁለት ስቶፕ ብንከፍት ኤፍ 8 ይሆናል። ያው ብርሃን ማለት ነው። የሕንፃ ጥላ ውስጥ ግን ብርሃኑ አራት ስቶፕ ያህል ሊወርድ ይችላል። እዚያ በ1/400 እና በኤፍ 4 ለመቅረጽ አይ.ኤስ.ኦ 400 ያስፈልጋል፤ ሲመሽ ደግሞ 800 እና 1600።

አፐርቸሩን እስከ ኤፍ 2.8 ወይም 1.8 መክፈት ያምራል፣ ከኋላ ያለውን ያለሰልሳል። ነገር ግን የጠራው ቦታ ስለሚጠብ በሰከንድ 5 ሜትር የሚመጣ ልጅ ገብቶ እስኪወጣ ዓይን አይደርስበትም። በተቻለ መጠን ከኤፍ 4 እስከ 8 እንቆይ። ምስሉ በአይ.ኤስ.ኦ ምክንያት ትንሽ ቢያሸዋ ይሻላል፤ የሚያሸዋ ምስል ይታያል፣ የደበዘዘ ምስል ግን አይታይም።

የተገላቢጦሹ ችግር ፓን ስናደርግ ይመጣል። በጠራራ ፀሐይ በ1/50 መቅረጽ ከፈለግን ብርሃኑ ይበዛብናል። በአይ.ኤስ.ኦ 100፣ በ1/50 እና በኤፍ 5.6 ለመቅረጽ አራት ስቶፕ መቀነስ አለብን፤ ይህም 16ኛ ቁጥር ኤን.ዲ ፊልተር ነው። ፊልተር ከሌለ ጥላ ወዳለበት መሄድ ወይም እስከ 11 ሰዓት መጠበቅ ነው፤ ሌላ ዘዴ የለውም።

5. ቤት ውስጥ ስንቀርጽ የ50 ኸርዝ ነገር

ጂም ወይም አዳራሽ ውስጥ ቦክስ፣ ቴኳንዶ ወይም ቅርጫት ኳስ የምትቀርጹ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከመስመር ኃይል የሚበራ መብራት በሀገራችን በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ለዓይናችን አይታወቅም፤ ለካሜራ ግን ይታወቃል። ሻተራችን 1/50 ወይም 1/100 ከሆነ ሁልጊዜ ሙሉ ዙር ስለሚይዝ ችግር የለም። 1/60 ወይም 1/500 ስናደርግ ግን ምስሉ ላይ የሚሄድ ጥቁር መስመር ወይም ብልጭታ ይመጣል። ኤዲቲንግ ላይ ይህንን ማስወገድ አድካሚ ነው፣ ሁልጊዜም አይሳካም።

ስለዚህ ካሜራው ሜኑ ውስጥ 50 ኸርዝ ወይም ፓል የሚል ምርጫ ካለው መጀመሪያ እሱን እናስተካክል። ከዚያ ቤት ውስጥ በ1/100 እንጀምር። የበለጠ ፍጥነት ካስፈለገ ስፖርተኛው ከመምጣቱ በፊት ባዶውን አዳራሽ ለአሥር ሰከንድ ቀርጸን በትልቅ ስክሪን እንየው። ከተቻለም የቀን ብርሃን በሚገባበት መስኮት አጠገብ እንሥራ።

6. መቆለፍ

ሴቲንግ ከተመረጠ በኋላ አውቶ የሆነ ነገር ሁሉ ይቆለፋል። ነጭ ቲሸርት የለበሰ ልጅ ከጥላ ወደ ፀሐይ ሲወጣ አውቶ ኤክስፖዠር በመሃል ያጨልመዋል። አውቶ ኋይት ባላንስም ፊቱን አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ ቢጫ ያደርገዋል፤ ለፀሐይ 5600 ኬልቪን አካባቢ ይዞ መቆየት ይበቃል።

ፎከስን በተመለከተ እኛን የጣለን እሱ ስለሆነ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ስፖርተኛው የሚዘልበት ቦታ የታወቀ ከሆነ እዚያ ላይ አንድ ጓደኛችንን ወይም ቦርሳችንን እናስቀምጥ፣ በእሱ ላይ ፎከስ እናድርግ፣ ከዚያ ማኑዋል ላይ አድርገን እጃችንን እናንሣ። በስልክ የሚቀርጽም ስክሪኑን ተጭኖ በመያዝ ፎከስና ኤክስፖዠርን በብዙ ስልኮች ላይ መቆለፍ ይችላል።

7. የካሜራው የራሱ እንቅስቃሴ

አንዳንድ ብልሽት በሻተር አይድንም። የብዙ ካሜራዎች ሴንሰር ምስሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስለሚያነብ፣ ፈጥነን ስናዞረው ምሰሶው ይዘማል። ሮሊንግ ሻተር የሚባለው ይህ ነው። መድኃኒቱ ቀርቦ በሰፊ ሌንስ መቅረጽና አዟዟርን ማለዘብ ነው። የስኬትቦርድ ቪዲዮ የሚሠሩ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣውን ሶኒ ቪ.ኤክስ.1000 ከፊሽአይ ሌንስ ጋር አድርገው ከተጫዋቹ ጎን እየነዱ የሚቀርጹት ለዚህ ጭምር ነው። ሰፊ ሌንስ የእጅን መንቀጥቀጥ ይደብቃል፣ ቀርቦ ሲያዝም ፍጥነትን ያጎላል።

እንደ ጎፕሮ ያሉ ካሜራዎች በሶፍትዌር የሚያረጋጉትም ቢሆን ፈጣን ሻተር ይፈልጋል። ሶፍትዌሩ ፍሬሙን ቀጥ ያደርጋል እንጂ በፍሬሙ ውስጥ የገባውን ብለር አያወጣም። እናም ምስሉ ቆሞ ብለሩ ብቻ የሚንቀጠቀጥ እንግዳ ነገር ይሆናል።

8. ሁለተኛው ጉዟችን

የልጁ እጅ ከጄሶ ወጥቶ ሐኪሙም ከፈቀደለት በኋላ እናቱን ጠይቀን ተመለስን። በዚህ ጊዜ ሰዓቱን ወደ 9 ቀየርነው፤ ፀሐይ አለ። ደረጃውን ተውነው፤ ሜዳ ላይ በሚችለው ብቻ እንዲሆን ተስማማን። በሰከንድ 50 ፍሬም፣ ሻተር 1/500፣ ኤፍ 8፣ አይ.ኤስ.ኦ 125 ያዝን። ፎከሱን በቦርሳ ላይ ቆለፍን።

ከዚያ መጀመሪያ ከመካከላችን አንዱ በዚያው መስመር ሮጠ። ቀረጽን፣ አየን። ቀጥሎ ልጁ ሳይዘል በቦርዱ ብቻ እንዲያልፍ ለመንነው። ቀረጽን፣ በላፕቶፕ አየን። የጫማው ክር ሳይቀር ይታያል። «አሁን የፈለግኸውን አድርግ» ያልነው ከዚህ በኋላ ነው። አራት ጊዜ ዘለለ፣ አራቱንም ይዘናል።

ቪዲዮውን ሲያይ ግን ያላሰብነውን ነገር ተናገረ፤ «ኋላ እግሬ ቶሎ ይነሣል፤ ደረጃው ላይ የሚጥለኝ ይሄ ነው።» እሱ ለሳምንታት ያላየውን ስህተት ጥርት ያለው ምስል አሳየው። ያኔ የእናቱን ጥያቄ አስታወስኩ። ምስሉ ለእኛ ውጤት ብቻ ሳይሆን ለእሱ ገላም የሚጠቅም ሊሆን ይችል ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ብንዘጋጅ ኖሮ።

ማጠቃለያ

ቅደም ተከተሉን ባጭሩ ልድገመው። ይዘገያል ወይስ አይዘገይም ብለን ፍሬም ሬት እንምረጥ። የዝላዩን አሠራር ነው የምናሳየው ወይስ ፍጥነቱን ብለን ሻተር እንምረጥ። ከዚያ አፐርቸር፣ አይ.ኤስ.ኦና ፊልተር ሂሳቡን ያሟላሉ። ቤት ውስጥ ከሆነ 50 ኸርዝን እናስታውስ። ሁሉን እንቆልፍ። በመጨረሻም አደጋ በሌለው ሩጫ እንሞክርና በትልቅ ስክሪን እንየው። ይህ ሁሉ ሲለመድ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለዚህ ነው። ከስቶር ካሜራ የምትዋሱ ጓደኞቼ፣ መሣሪያው ሲበላሽ ቅጽ ሞልተን እንጠየቃለን፤ ለሰው እጅ ግን የሚሞላ ቅጽ የለም። በፊልማችን ላይ ያንን የመጀመሪያውን ድብዝዝ ሾት አስገብተነዋል፤ ድምፁ ጥሩ ነበር፣ ልጁ ያረፈውም በእውነት ነው። ደረጃውን ደግሞ በሌላ ቀን ራሱ ሲፈልግ ይዘልላል። እኛ አልጠየቅነውም።